ካባ ሲከፈት መዝጊያውም ይታሰብ

ካባ ለግንባታ የሚውል ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ የሚወጣበት ቦታ ሲሆን፣ ቤትም ሆነ መንገድ ያለ እርሱ ስለማይሠራ ጨርሶ አይከፈት ማለት አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ድንጋዩ ከወጣ በኋላ መሬቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄም መልስ ማግኘት ያለበት ማሽኑ ወደ ቦታው ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ ምክንያቱም መሬቱን መልሶ ለማልማት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሀብት የሚድነውም የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት ነው።

ይህ ሀብት የላይኛው አፈር ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚወፍረው ይህ ንጣፍ ብስባሽ፣ የሣር ዘርና በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የሚገኙበት ስለሆነ፣ ከሥሩ ካለው ጭንጫ ተለይቶ መገፈፍና ለብቻው መከመር ይኖርበታል። ክምሩ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ካለ በውስጡ ያለው ሕይወት አየር አጥቶ ስለሚሞት ዝቅ ብሎ ሊከመር፣ ዝናብና ነፋስ እንዳይወስደውም ሣር ሊዘራበት ይገባል፤ እርጥብ አፈር፣ ይልቁንም መረሬ፣ በከባድ መኪና ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅ ደግሞ መግፈፉ በበጋ ቢሆን ይመረጣል። አፈሩን ከፍርስራሽ ጋር ደባልቆ ወደ ገደል መግፋት ለጊዜው ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም፣ ከዚያ በኋላ ለሚደረገው ሁሉ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

ከአፈሩ ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ የጎርፍ መከላከያው ሥራ ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ከካባው በላይ ካለው ዳገት የሚመጣው ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ በጠርዙ ላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ጎርፍ አፈርን የሚጠርገው በፍጥነቱ ስለሆነም በቦዩ ውስጥ በየርቀቱ የድንጋይ ክትር ይሠራል፤ አለዚያ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። በካባው ውስጥ የሚወርደው ውኃ ግን የድንጋይ ዱቄትና ጭቃ ተሸክሞ ስለሚወጣ፣ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት በደለል ማጥለያ ኩሬ ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። ለምን ያህል ጊዜ ቢባል፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ በ2 ደቂቃ ገደማ ከሥር ሲያርፍ፣ እጅግ የላመው የሸክላ ብናኝ ግን ያንኑ አንድ ሜትር ለመውረድ 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ውኃውን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያሳልፍ ትንሽ ኩሬ አሸዋውን ቢያስቀርም፣ ወንዙን የሚያደፈርሰውን ብናኝ አያግደውም።

ድንጋዩ ወጥቶ ባለቀበት በኩል ሌላው ክፍል እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ማስተካከሉ ይጀመራል፤ ቀጥ ያለው ገደል በእርከን ይከፋፈላል፣ የተጠቀጠቀው ወለል በማሽን ጥርስ ይሰነጠቃል፣ የተቀመጠው አፈር ይመለስበታል፣ ከዚያም መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦና ዛፍ ይተከልበታል።

አፈሩ ባልተቀመጠበት ቦታ ምን እንደሚገጥም በኬንያ፣ በሞምባሳ አቅራቢያ የሚገኘው የባምቡሪ የሲሚንቶ ፋብሪካ ካባ ያሳያል። በ1971 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንዳዊው የግብርና ባለሙያ ሬኔ ሃለር ካባውን መልሶ የማልማት ሥራ ሲጀምሩ ያገኙት አፈር የሌለው፣ በፀሐይ የሚነድና ከሥሩ ጨዋማ ውኃ የቀረበ የኖራ ድንጋይ ወለል ነበር። ከሞከሯቸው 26 የዛፍ ዓይነቶች የጸደቁት 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ከነዚህ አንዱ ጨው የሚችለውና በሥሩ ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው ሸውሸዌ ነበር። ዛፉ ቢያድግም ቀጫጭን ቅጠሎቹ ረግፈው ሳይበሰብሱ ይከመሩ ስለነበር አፈር መፈጠሩ ዘገየ፤ ሃለር ይህን ችግር የፈቱት ሺ እግር የሚባለውን ትንሽ እንስሳ ሰብስበው በመልቀቅ ነው። ሺ እግሩ የረገፈውን ቅጠል እየበላ በሚጥለው ኩስ ላይ ባክቴሪያዎች መሥራት ስለቻሉ ብስባሹ ቀስ በቀስ ወለሉን ሸፈነው፤ ዛሬ ሃለር ፓርክ በሚባለው በዚህ ቦታ ደን፣ የዓሣ ኩሬዎች፣ ጉማሬዎችና ቀጭኔዎች ይታያሉ። ይህ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም የተጎዳ መሬት በኋላም ይጠገናል ብሎ መጽናናት ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ነው፤ ታሪኩ የሚያስረዳው አፈር አስቀድሞ ካልዳነ አዲስ ለመፍጠር ስንት ዓመትና ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ነው።

በኢትዮጵያ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማልማት የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ፈቃድ ሰጪው የአፈሩን ማከማቻ ቦታ፣ የውኃ መውረጃውን ንድፍና የተመደበውን ገንዘብ ሳያይ መፈረም የለበትም። መሬታቸው ለካባ የሚወሰድባቸው ገበሬዎችም ከካሣው መጠን ጋር አብረው፣ የማሳቸው አፈር የት እንደሚከመርና ጉድጓዱ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከል በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ።