ክራስናያ ፖልያና፦ ዕጣዋን መንገድ የወሰነላት የተራራ ግርጌ መንደር

ከሩሲያ የጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ከአድለር ተነስቶ ወደ ካውካሰስ ተራሮች 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የሄደ ሰው ክራስናያ ፖልያናን ያገኛል። መንደሯ በአስተዳደር የሶቺ ከተማ አካል ስትሆን የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዛሬ የሚያውቃት ሁሉ በበረዶ ስፖርት ያውቃታል። የኋላ ታሪኳ ግን ከስፖርቱ ይልቅ ወደ ሸለቆዋ ከሚያስገባው መንገድ ጋር የተቆራኘ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የሸለቆው አውራ ወንዝ 89 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ምዚምታ ነው። ወንዙ በአይብጋና በአቺሽኾ ተራሮች መካከል ወርዶ፣ አኽጹ በተባለው ጠባብ ገደላማ ስፍራ ሾልኮ አድለር ላይ ከባሕር ይቀላቀላል። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራሮቹ ላይ ሲደርስ ወደ ዝናብና በረዶ ይለወጣል። በዚህ የተነሳ አቺሽኾ በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብና በረዶ የሚወርድበት፣ ከሩሲያ እጅግ እርጥብ ስፍራዎች አንዱ ነው። ዝቅ ባለው ተዳፋት የቼስትነት ደን፣ ከፍ ሲል የጥድ ዓይነት ዛፎች፣ ከዚያም በላይ የግጦሽ መስክ ይገኛል።

ሰው በዚህ ሸለቆ መኖር የጀመረው ከጥንት ነው፤ ከነሐስ ዘመን የቀሩ የድንጋይ መቃብሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የላይኛው ምዚምታ ባለቤቶች የአብካዝና የአባዛ ዘመድ የሆኑት አኽቺፕሱዎች ነበሩ። ስፍራውንም ክባዳ ይሉት ነበር። ከብት ያረባሉ፣ ፍራፍሬ ያለማሉ፣ በእግር መንገድም የተራራ በሮችን ተሻግረው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይገበያያሉ።

የሩሲያ ጦር ለአሥርተ ዓመታት የተዋጋበት የካውካሰስ ጦርነት የተቋጨውም እዚሁ ነው። በቀድሞው የሩሲያ ቀን አቆጣጠር ሜይ 21 ቀን 1864 ከአራት አቅጣጫ የመጡ የጦር አምዶች ክባዳ ላይ ተገናኙ፤ የካውካሰስ እንደራሴ የነበሩት ታላቁ ልዑል ሚካኤል ኒኮላዬቪች በተገኙበትም ጸሎተ ምስጋናና ሰልፍ ተደረገ። የአካባቢው ሕዝብ ግን በገፍ ወደ ኦቶማን ግዛት ተሰደደ። በዚሁ ጦርነት ሳቢያ እንደዚሁ ከካውካሰስ ተሰደው በዓለም የተበተኑት ሰርካሲያውያን ሜይ 21ን እስከ ዛሬ የሐዘን ቀን አድርገው ያስቡታል።

ባዶ የቀረውን ሸለቆ የሞሉት ሌሎች ናቸው። በ1878 ግሪኮች መጡ፤ በ1886 ደግሞ ኢስቶኒያውያን ከመንደሯ ትንሽ ራቅ ብለው ኤስቶ-ሳዶክን መሠረቱ። ሰፋሪዎቹ ከቀደሙት ባለቤቶች የቀሩትን የፒርና የለውዝ ዛፎች ፍሬ ሲለቅሙ፣ ንብ ሲያንቡ ኖሩ። ዕውቁ የኢስቶኒያ ደራሲ አንቶን ሐንሰን ታምሳሬም ከሳንባ ነቀርሳ ለማገገም በ1912 ኤስቶ-ሳዶክ ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ እዚያ በስሙ ቤተ መዘክር አለ።

በ1899 ገደሉን ፈልፍሎ ከአድለር የሚመጣው የጋሪ መንገድ ሲጠናቀቅ መንደሯ ከባሕሩ ጋር ተገናኘች። የዛሩ የአደን ቤት የተሠራውም በዚያው ሰሞን ነው። በሶቪየት ዘመን በዙሪያዋ ያለው ደን በ1924 ጥብቅ ክልል ሲሆን፣ በ1949 በምዚምታ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የስታሊን የጭቆና ዓመታት በግሪክ ነዋሪዎቿ ላይ ከባድ ጠባሳ ጥለዋል። ጥብቅ ክልሉን የሚያቅፈው ምዕራብ ካውካሰስ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሶቺ በ2007 የ2014ን የክረምት ኦሎምፒክ ለማስተናገድ ስትመረጥ ነው። ሮዛ ኹቶር የተባለው የስኪ መዳረሻ የአልፓይን ስኪ ውድድሮች ስፍራ ሆነ፤ የስኪ ዝላይ ኤስቶ-ሳዶክ ላይ ተካሄደ። ከአድለር እስከ ተራራው ድረስ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባቡርና የመኪና መንገድ ጎን ለጎን ተዘረጋ። ግንባታው ከጥብቅ ክልሉ አጠገብና በወንዙ ዳር በመካሄዱ የተፈጥሮ ተሟጋቾች አጥብቀው ተቃወሙት። ሰርካሲያውያን በበኩላቸው ውድድሩ የ1864ቱ ስደት 150ኛ ዓመት ላይ፣ በዚያው ስፍራ መደረጉን አወገዙ።

በ2010 ቆጠራ 4600 ገደማ ነዋሪ የነበራት መንደር ዛሬ ኑሮዋ በሆቴልና በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ቆሟል። መንገዱ በየዘመኑ ሠራዊት፣ ሰፋሪና ቱሪስት አምጥቶላታል፤ የሸለቆው የመጀመሪያ ባለቤቶች ግን የወጡበትን መንገድ በጅምላ አልተመለሱበትም። የክራስናያ ፖልያናን ታሪክ ከስኪ መዳረሻዎቿ ጀምሮ የሚተርክ ሰው ይህን የታሪኳን ግማሽ ይዘለዋል።