የምሩቃን ኩራት ከምን ይመነጫል?

የምሩቃን ኩራት ከሕንፃው ግዝፈት ወይም ከምረቃው በዓል ድምቀት የሚመነጭ ለሚመስላቸው ዕቅድ አውጪዎች፣ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሌላ ምክንያት ያሳያል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ለየብቻ አስተምሮ ብቻ አላሰናበተም፤ በአንድ ቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። በዚያም አንዱ በሽተኛ ሲመረምር፣ ሌላዋ እናቶችን በየቤታቸው ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር፣ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ሙያ ማክበር ይለምዳል። ሕዝቡም ገና ሳይመረቁ ሥራቸውን ያይላቸዋል፤ ይህን ያህል ክብር የትኛውም የምስክር ወረቀት አያስገኝም። የቡድን ሥልጠናው ልማድ ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም አልቀረም። እንግዲህ የጎንደር ምሩቅ ስለ ትምህርት ዘመኑ ሲጠየቅ፣ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ የተመደበበትን ጤና ጣቢያ ቢያስቀድም አያስደንቅም።