በጦር ሜዳ የወደቁትን በጸሎት ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ሀገርና ስለ ወገን ብለው በጦር ሜዳ የወደቁትን መንግሥት በሐውልት፣ ሕዝብ በታሪክ፣ ቤተሰብም በእንባ ያስባቸዋል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የራሷ የሆነ የማሰቢያ መንገድ አላት፤ ይኸውም ስለ ነፍሳቸው ምሕረትን መለመን ነው። አንዳንዶች “ለሀገሩ ደሙን ያፈሰሰ ጀግና ስለ ምን ፍትሐት ያስፈልገዋል?” ብለው ይጠይቃሉ። ሌሎች ደግሞ “በጦርነት ሰው የገደለ ወታደር እንዴት በቤተ ክርስቲያን ይታሰባል?” ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ብዙ ቤተሰቦች በኀዘን ላይ ባሉበት በዚህ ዘመን መልስ የሚሹ ናቸው።

በቅዱሳት መጻሕፍት

ንጉሥ ሳኦልና ልጆቹ በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ ፍልስጥኤማውያን አስከሬናቸውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቅለውት ነበር። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አስከሬናቸውን አወረዱ፤ አጥንታቸውን ቀብረውም ሰባት ቀን ጾሙ (1ኛ ሳሙ. 31፥11-13)። ዳዊትም ስለዚህ በጎ ሥራቸው መርቋቸዋል (2ኛ ሳሙ. 2፥5)። ዳዊት ራሱ ሳኦል ለብዙ ዘመን ሊገድለው ያሳደደው ሰው ነው። ነገር ግን የሞቱን መርዶ በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ ስለ ሳኦል፣ ስለ ዮናታንና በሰይፍ ስለ ወደቀው ሕዝብ ሁሉ አልቅሶ እስከ ማታ ጾመ (2ኛ ሳሙ. 1፥11-12)። የበደሉን ሒሳብ በሟቹ ላይ አልቈጠረም።

ከእኛ መጻሕፍተ መቃብያን የተለየው፣ በግሪክኛ የሚገኘው ሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ደግሞ በምዕራፍ 12 ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ይሁዳ መቃቢስ ስለ ሕዝባቸው ተዋግተው የወደቁ ወታደሮቹን ሊቀብር ሲሄድ ከልብሳቸው ሥር ሕጉ የሚከለክለውን የጣዖት ምልክት አገኘ። ይሁዳ ግን ሳይቀበሩ እንዲቀሩ አላደረገም። ከሠራዊቱ ብር ሰብስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፤ ይህንም ያደረገው ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ ስላደረገ ነው። ለወገናቸው መሞታቸው ክብራቸው ነበር፤ ምሕረት ማስፈለጉ ግን አልቀረም።

ጀግናና ሰማዕት

በአነጋገራችን ለሀገሩ የሞተውን ሁሉ ሰማዕት ማለት የተለመደ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግን ሰማዕት የሚባለው ስለ ሃይማኖቱ መስክሮ የሞተ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ፣ በሰብስጥያም በበረዶ የሞቱት አርባው ሰማዕታት ወታደሮች ነበሩ፤ የከበሩት ግን በጦር ሜዳ ባገኙት ድል ሳይሆን ክርስቶስን አንክድም በማለታቸው ነው። ስለዚህ ሰማዕታትን እንዲያማልዱን እንለምናቸዋለን፤ በጦርነት ለወደቁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን እኛ እንለምንላቸዋለን። ይህ ዝቅ ማድረግ አይደለም። ንጉሥም ጳጳስም ሲያርፍ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታልና።

በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን ወታደሩን እንደ ነፍሰ ገዳይ ቈጥራ አትገፋውም። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው ቀኖና አባቶች በጦርነት የሚደረገውን ከነፍስ ግድያ ጋር እንዳልቈጠሩት ይናገራል። ሆኖም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም እንደሚሆን ይመክራል። በዚህ ምክር ውስጥ ለወታደሩ የተደረገ ርኅራኄም፣ ለፈሰሰው ደም የተገባ ኀዘንም አለ። እንግዲህ ስለ ወደቁት ስንጸልይ ጦርነትን እያመሰገንን አይደለም።

በሀገራችን ታሪክ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሠራዊቱ ለጦርነት ሲወጣ ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ አብረው ነበሩ። ቀኑም የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነበር። ድሉ የሁላችን ደስታ ሆኖ በየዓመቱ ሲከበር፣ እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉ ስማቸው የታወቀ፣ ስማቸውም ያልተጻፈ ብዙዎች በዚያው ቀን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የወደቁትም በየቤታቸው መካነ መቃብር ሊያርፉ አልቻሉም። በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ያረፉት አርበኞች ግን ቅዳሴው በሚሰማበት፣ ዕጣኑ በሚታጠንበት ስፍራ ናቸው። በድል በዓላት ቀን ከሰልፉና ከመዝሙሩ ጋር ስለ ነፍሳቸው የሚደረገው ጸሎት እንዳይዘነጋ ልናስብ ይገባናል።

መቃብራቸው ላልታወቀ

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ብዙ እናቶች የልጃቸውን አስከሬን ሳያዩ መርዶ ብቻ ሰምተዋል። “አፈር ያላለበስሁትን ልጅ እንዴት ላስፈታው?” የምትል እናት ካለች መልሱ ይህ ነው፦ ጸሎቱ በአስከሬኑ መገኘት ላይ የተመሠረተ አይደለም። በክርስትና ስሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። ሣልስቱ ጌታችን በሦስተኛው ቀን መነሣቱን፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱለትን ሠላሳ ቀን ያሳስበናል፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱም በጸሎት ይታሰባሉ። መርዶው ዘግይቶ ቢደርስም ጸሎት አይዘገይም። መሞቱ ያልተረጋገጠ ከሆነ ግን በሕይወት እንዳለ ሰው ይጸለይለታል፤ ቤተሰቡም ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። የክርስትና ስማቸውና መቃብራቸው የማይታወቀውንም ቤተ ክርስቲያን ላረፉት ሁሉ በምታደርሰው ጸሎት ታስባቸዋለች።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በየአጥቢያችን የወደቁትን ልጆች የክርስትና ስም ጽፈን ለካህናት እንስጥ። ሁለተኛ ተዝካሩ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የሚከት ድግስ ሳይሆን ጸሎትና ምጽዋት ይሁን። ሦስተኛ የሟቹን ሚስት፣ ልጆቹንና ጧሪ ያጡ ወላጆቹን እንርዳ፤ አካላቸው ጐድሎ የተመለሱትንም እንጠይቅ። ልጁ ትምህርት አቋርጦ፣ እናቱ እየተራበች፣ በአባቱ ስም የሚነገር ውዳሴ ባዶ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። በዚህ ጦርነት እርስ በርስ የተታኰሱት ብዙዎቹ ከአንዲት ጥምቀት የተወለዱ ነበሩ። የአንዱ እናት በአንድ አጥቢያ፣ የሌላው እናት በሌላ አጥቢያ የልጇን ስም ይዛ ትመጣለች። ካህኑ የሚጠይቃት የክርስትና ስሙን እንጂ በየትኛው ምሽግ እንደ ነበረ አይደለም። ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ ልመና ነው። ለራሳችን ሟች ምሕረትን እየለመንን ለሌላው ሟች መከልከል አንችልም። ዳዊት ስላሳደደው ንጉሥ ከጾመ፣ እኛም የወንድማችንን እናት ኀዘን ልንካፈል ይገባናል።

የወደቁትን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለሀገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።