በአዝራር የሚነሳ ሃይብሪድ ተሽከርካሪ አሠራርና ጥንቃቄዎቹ

ሃይብሪድ ተሽከርካሪ በነዳጅ ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። አብዛኞቹ ሃይብሪዶች የሚነሱት አዝራር በመጫን ስለሆነ፣ አሠራሩን ማወቅ ለአሽከርካሪውም ሆነ ለቤተሰቡ ደኅንነት አስፈላጊ ነው። በዚህ ማብራሪያ ቶዮታ ፕሪየስ በምሳሌነት ቀርቧል።

ተሽከርካሪው እንዴት ይነሳል?

አሽከርካሪው ስማርት ቁልፉን ይዞ ሲገባ ተሽከርካሪው የቁልፉን መለያ ኮድ በሬዲዮ ሞገድ ያረጋግጣል። ፍሬን ተረግጦ አዝራሩ ሲጫን ኮምፒውተሮቹ ከባለ 12 ቮልት ረዳት ባትሪ ኃይል አግኝተው ሥርዓቱን ይፈትሻሉ፤ ከዚያም ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ዋና ባትሪ ያገናኛሉ። በዚህ ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሬዲ» (ዝግጁ) የሚል መብራት ይበራል። ፍሬን ሳይረገጥ አዝራሩ ከተጫነ ግን እንደ ሬዲዮ ያሉ መሣሪያዎች ቢሠሩም ተሽከርካሪው ለጉዞ ዝግጁ አይሆንም።

ፕሪየስ እንደ ተለመደው መኪና ሞተሪኖ የለውም። የነዳጅ ሞተሩን የሚያስነሳው ከዋናው ባትሪ ኃይል የሚያገኝ ሞተር ጀነሬተር ነው። ሆኖም ረዳት ባትሪው ከሞተ፣ ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ተሽከርካሪው አይነሳም።

ድምፅ አለመኖሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም

«ሬዲ» በርቶ እያለ የነዳጅ ሞተሩ ድምፅ ላይሰማ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ተሽከርካሪው ማርሽ ከገባለት ይንቀሳቀሳል። ከዚህም በላይ የዋናው ባትሪ ኃይል ሲቀንስ የነዳጅ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ይነሳል። ይህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ቢከሰት፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ተጠራቅሞ ወደ መኖሪያ ክፍሎች ሊገባና ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ከመውረድ በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ማርሹን ፓርኪንግ ላይ ማድረግና የማቆሚያ ፍሬኑን መያዝ፤
• አዝራሩን ተጭኖ የ«ሬዲ» መብራትና ዳሽቦርዱ መጥፋታቸውን በዓይን ማረጋገጥ፤
• ቁልፉን ይዞ መውረድ፤ ቁልፉን ከተሽከርካሪው ማራቅ ብቻውን ሞተሩን እንደማያጠፋ መገንዘብ፤
• ሕፃናትን ብቻቸውን ከቁልፉ ጋር በተሽከርካሪው ውስጥ አለመተው።

የቁልፉ ባትሪ ከደከመ፣ ከ2009 ወዲህ በወጡት የፕሪየስ ሞዴሎች ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ወደ አዝራሩ በማስጠጋትና አዝራሩን በመጫን ማስነሳት ይቻላል። አሠራሩ እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይመከራል።