ያረጀ የጭነት መኪና ትርፉ የት ነው? ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ሒሳብ

ጎጃም የሚመላለስ የጭነት መኪና ዋጋው የሚጠየቀው አዲስ አበባ ቢሆንም የሚታወቀው ግን ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። ካቢናው ተቀብቶ፣ ሞተሩ ታጥቦ፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሶ ገበያ የቀረበ አሮጌ ኤፍ ኤስ አር ወይም ኤን ፒ አር አይሱዙ በከተማ አስፋልት ላይ ጉዱ አይታይም። ጭነቱን ይዞ ጎሃ ጽዮን ደርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን በየጋራዡ የታለፈው ቡሎን ሁሉ ይቆጠራል። በዚህ መስመር ላይ ገንዘባቸውን ያዋሉ ባለንብረቶች፣ መኪና የሚያገናኙ ደላሎችና ጤፋቸውን አደራ የሚሰጡ ነጋዴዎች ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። አሮጌ መኪና ያተርፋል ሲባል ትርፉ ከሥራ የተገኘ ነው ወይስ ከራሱ ከመኪናው አካል እየተቆረጠ የሚበላ?

አሮጌው ለምን ከገበያ አይወጣም?

የጭነት መኪና በአገራችን እንደ ቤት የሚቆጠር ሀብት ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል ባለሀብቱ ወደ ትራንስፖርት ሥራ በብዛት ሲገባ የገዛው በአብዛኛው አዲስ መኪና አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበሩት ፊያት ኤን ትሬዎችም ቢሆኑ ከተጠበቀላቸው ዕድሜ በላይ ተሠርቶባቸዋል። መካኒኩ እስከ ዛሬ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ እያለ የሚጠራቸው የጣልያን ቃላት የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው።

ዛሬ አሮጌውን በአዲስ መተካት ይበልጥ ከብዷል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ታክስ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ የአዲስ መኪናን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከሶማሌ ተራ የሚገዛውን መለዋወጫ ዋጋም አብሮ አናረው።

ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው አልወረደም፤ እንዲያውም የሚፈለግ ሆኗል። መጠገኛው ግን ተወድዷል። በዚህ መሐል ባለንብረቱን የሚፈትነው ጥገናን "ለሚቀጥለው ጉዞ" እያሉ የማሻገር ፈተና ነው።

በረሃው ምን ይፈትሻል?

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የመኪናን ዕድሜ የሚወስነው ግን ይኸው ነው። መንገዱ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ 1 ሺህ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል።

ከነጭነቱ 25 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 130 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ እስከ መጨረሻው ጠብታ በእንፋሎት ያባርራል። ከግማሽ በርሜል በላይ ማለት ነው። ይህን ሙቀት የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ሾፌሩ ዳገቱን በሚወጣበት ከባድ ማርሽ ከወረደና የሞተር ፍሬኑ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዝለታል። የሞተር ፍሬኑ ከተበላሸ ወይም ሾፌሩ ለፍጥነት ብሎ ቀላል ማርሽ ካስገባ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። "ፍሬን እምቢ አለው" እየተባለ የሚወራው አደጋ በአብዛኛው ቀድሞ የተጠራቀመ ነው። ያለቀ ሸራ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከመጠን በላይ የተላገ ታምቡር፣ አየር የሚያፈስ ቱቦ ጋራዥ ውስጥ እያሉ ይታወቃሉ።

የመውጫው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ባለችበት ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። የቀዳው ናፍጣ በሚገባ ስለማይቃጠልም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውሃም በዚህ ከፍታ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የውሃውን መፍያ ከፍ ስለሚያደርግ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። በጥቂት ብር የሚለወጥ ክዳን ሙሉ ሞተር ያስወርዳል ማለት ነው።

ሦስቱ የጥገና ጊዜያት

የዚህ መስመር ጥገና በሦስት ጊዜ ይከፈላል። አንደኛው በጉዞና በጉዞ መካከል የሚደረገው ነው። ጭነቱ እህል በረንዳ ሲራገፍ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የመልስ ጭነት ሲጠበቅ ባለው አንድና ሁለት ቀን ዘይት ይለወጣል፣ ፍሬን ይጠበቃል፣ ባሌስትራ ይታያል፣ ጎማ ይገለበጣል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጊዜውም ቢሆን መኪናው በቆመበት የሚያልፍ ጊዜ ነው። ሆኖም በብዛት የሚዘለለው ይኸው ነው፤ ደላላው ጭነት አግኝቶ ስልክ ሲደውል ጋራዥ የገባ መኪና ጭነቱን ለሌላ ያስረክባልና።

ሁለተኛው በጉዞ ላይ የሚደረገው ነው። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ ክሪክ ተተክሎ፣ ድንጋይ ለጎማ ታኮ ሆኖ፣ የተቀደደው ቱቦ በላስቲክ ታስሮ የሚሠራው ሥራ ነው። ሙያው የሚደነቅ ነው። ብዙ መኪና ለቤቱ የበቃው በዚህ ብልሃት መሆኑ አይካድም። ችግሩ ለደጀን ብቻ ተብሎ የታሰረው ነገር ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ በረሃው መውረዱ ነው። ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል።

ሦስተኛው ከባድ እድሳት ነው። ሞተር ወርዶ ፋሻና ፒስተን የሚቀየርበት፣ ባቲላሜራው አካሉን የሚቀጠቅጥበት፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ የሚበየድበት ነው። ለጎጃም መስመር ጊዜው ክረምት ነው። አዲሱ እህል ከታኅሣሥ ወዲህ ገበያውን ያጥለቀልቃል፤ ማዳበሪያውም ከዘር በፊት ተጓጉዞ ማለቅ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጭነቱ ይሳሳል፣ በረሃውም በናዳ ያሰጋል። በጥር ሞተር ለማውረድ የተገደደ ባለመኪና የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ምርጥ ገበያም ነው የሚከፍለው።

ከመርከቦቹ የሚወሰድ ትምህርት

ይህ አከፋፈል የእኛ መኪኖች ብቻ አይደለም። ባሕር ላይ የሚሠሩ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦችም በተመሳሳይ መንገድ ነው ዕድሜያቸውን የሚገፉት። እየተጓዙ የሚጠግን የራሳቸው መሐንዲስ አላቸው። ወደብ ላይ መንገደኛ እስኪወርድና እስኪሳፈር ባለው ሰዓት የሚሠራ ሥራ አላቸው። ከባድ እድሳት ሲያስፈልግ ደግሞ ከውሃ ወጥተው ደረቅ ማደሻ ይገባሉ። ልዩነቱ ሦስተኛው በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተተወ አለመሆኑ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ የመንገደኛ መርከብ ከውሃ በታች ያለው አካሉ በየዓመቱ ይመረመራል።

ያም ሆኖ አደጋ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ካርኒቫል ትራያምፍ የተባለው መርከብ ከነዳጅ ቱቦ በፈሰሰ ነዳጅ ሞተር ክፍሉ ተቃጥሎ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች እንደጫነ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለ ኃይል ቆመ፤ በጎታች ጀልባዎች እየተሳበ ወደብ የደረሰው ከቀናት በኋላ ነው። ለመርከቡ የወጣው ገንዘብ ጥቂት አልነበረም፤ ነገር ግን ጉዞውን ያቆመችው አንዲት ቱቦ ናት። ባለቤቱ ኩባንያ መርከቡን አልጣለውም። በ200 ሚሊዮን ዶላር አድሶት እ.ኤ.አ. በ2019 ካርኒቫል ሰንራይዝ በሚል አዲስ ስም ወደ ሥራ መልሶታል። ማርጀት በራሱ ኪሳራ አይደለም፤ ኪሳራው እድሳቱን መቼና የት እንደሚያደርጉ አለመምረጥ ነው።

የ30 ጉዞ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት የተመረጠ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። የአንድ ደርሶ መልስ ገቢ 100 ነው እንበል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ሾፌርና ረዳት፣ ልዩ ልዩ ክፍያ 70 ቢወስዱ 30 ይቀራል።

ጥንቁቁ ባለንብረት ከ30ው ላይ 10 ለጥገና ያስቀምጣል። ለጥገና ብሎ ከ30 ጉዞ ሁለቱን ይተዋል። በ28 ጉዞ 560 ያገኛል።

ሁለተኛው ምንም አያስቀምጥም። ከ24 ጉዞ በኋላ ሞተሩ በረሃ ላይ ይነክሳል። እስከዚያ 720 አግኝቷል። መኪናው ሲጎተትና ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ሲገለበጥ 40 ይወጣል፤ ሞተር ማደሻው 250 ይወስዳል፤ ስድስት ጉዞም ያመልጠዋል። በእጁ የሚቀረው 430 ነው።

ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ምንም አያስቀምጥም፤ ዕድል ቀንቶት ግን 30ውን ጉዞ ይጨርሳል። 900 ያገኛል። ብዙው ሰው አርአያ የሚያደርገው ይህን ሰው ነው፤ ጥገና የማይረባ ወጪ የሚመስለውም ከእሱ አንፃር ሲታይ ነው። ሆኖም ከ900ው ውስጥ 300ው ትርፍ አይደለም። ያለቀ ሸራ፣ የተበላ ፋሻ፣ የደከመ ባሌስትራ ሆኖ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ዕዳ ነው። ዕዳውን ወይ እሱ ራሱ በ31ኛው ጉዞ ይከፍለዋል፣ ወይ አስቀብቶ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። አሮጌ መኪና ገዝቶ "ከገዛሁት ጀምሮ ጋራዥ ነው" የሚል ሰው የዚህ ዕዳ ወራሽ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ሳቢያ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ደግሞ የስሌቱ ሌላ ጎን ታይቷል። መኪና ያለ ፍላጎቱ ሲቆም ያልተቀመጠ የጥገና ገንዘብ በቤት ወጪ ይበላል። መንገዱ ሲከፈት ጭነቱ ይሻማል፣ ያልተጠገነውም መኪና ከሌላው ጋር እኩል ይወጣል።

ለገዢ፣ ለደላላና ለጭነት ባለቤት

ገዢ መኪናውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ማየት ይኖርበታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው አልቋል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተር እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። የዘይቱ መልክ የወተት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በሻንሲው ላይ የተደራረበ ብየዳ ካለ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል። የመጨረሻው ፍተሻ ጭነት አሳዝሎ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው ዳገት መሞከር ነው። ባዶ መኪና ሁሉ ጎበዝ ነው።

ቦሎ መለጠፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዓመታዊው ምርመራ መኪናው በዚያ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል፤ ሸራ ግን በዚህ መስመር ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ደላላ ከሊብሬው ጋር የጥገና ደረሰኞችንም ቢጠይቅ ስሙን ያስከብራል፤ ደረሰኝ ያለው መኪናም የተሻለ ዋጋ ይጠራል።

የጭነት ባለቤትም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። በኩንታል ጥቂት ብር ቀንሶ የሚጭንለት መኪና ያን ቅናሽ ያመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ከነዳጅ መቀነስ አይቻልም፤ ከሾፌር ደመወዝ የሚቀነሰውም ትንሽ ነው። ቅናሹ የሚወጣው ካልተለወጠው የፍሬን ሸራ ከሆነ ከጤፉ ጋር ሾፌሩና ረዳቱም፣ ከፊትና ከኋላ የሚጓዘው የቅጥቅጥ አውቶቡስ መንገደኛም በዚያው ቅናሽ ውስጥ ተደምረዋል። ከፍልቅልቅ ቁልቁለት በፊት መኪናውን አቁሞ ጎማና ፍሬን የሚፈትሽ ሾፌር ግማሽ ሰዓት ያዘገያል። ነጋዴው ለዚያ ግማሽ ሰዓት ሾፌሩን መቆጣት ሳይሆን ማመስገን ይኖርበታል።