ሉዋክ፤ የኑዌር ወንዶች ልጆች ማደሪያ

በአዳሪ ተማሪ ቤት የኖርን ሁሉ የመኝታ ቤት ሥርዓት ከትምህርቱ ባላነሰ ሰውን እንደሚቀርጽ እናውቃለን። በጋምቤላ ክልል በባሮና በጂካዎ ወንዞች አካባቢ የሚኖሩት ኑዌሮችም ወንዶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ማደሪያ ቤት አላቸው፤ ስሙም ሉዋክ ይባላል።

ሉዋክ የከብት ቤት ነው። ክብ፥ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፥ ክዳኑ ሣር የሆነ ታላቅ ቤት ነው። እናት ከሴቶች ልጆቿና ከሕፃናቷ ጋራ በአጠገቡ ባለች አነስተኛ ጎጆ ታድራለች፤ ወንዱ ልጅ ግን ከፍ ሲል ከጎጆዋ ወጥቶ ከወንዶቹና ከከብቱ ጋራ ሉዋክ ይገባል። በመካከሉ ኩበት ሌሊቱን ሙሉ ይጤሳል። ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሆኖም የባሮን ዳር ቢንቢ የቀመሰ ሰው በጢሱ አያማርርም። ምድጃው «ጎል» ሲባል ቤተሰቡም በዚሁ ስም ይጠራል። የዘር ሐረግ ግን «የጎጆ ደጃፍ» ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ሉዋክ ያደጉ የአንድ አባት ልጆች ኋላ በየእናታቸው ጎጆ ስለሚለዩ ነው።

ልጁ ፋንድያ ይጠርጋል፥ ላም ያልባል። ጊዜው ሲደርስ ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ በስድስት መስመር ይበጣል፤ አባቱም በሬ ይሰጠዋል፤ እርሱም በበሬው መልክ ስም ይጠራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ላም ማለብ ነውር ነው። መቶ ላም ያለው ጎልማሳ እንኳ ሴት ወይም ልጅ ካላለበለት ወተት አያገኝም። ይህ ሕግ ለእንግዳ ሰው ሞኝነት ይመስለው ይሆናል፤ ለእኛ ግን ወንድ ብቻውን መኖር እንዳይችል የሚያደርግ ብልሃት ሆኖ ታየን።

በበጋ ውኃው ሲሸሽ ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ይነዳል፤ ወጣቶቹም በነፋስ መከለያ ሥር አመድ ላይ ይተኛሉ፤ ሉዋኩ ባዶውን ይከርማል።

ዛሬ ከተማሩት ወጣቶች አያሌዎቹ ግንባራቸውን አይበጡም። ይህስ በፈቃድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ግን ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በኑዌር መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትና ከ2,000 በላይ ከብቶችም ወሰዱ። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ኋላ ተመልሰዋል። ከብቱ የተነዳበት ሉዋክ ግን ለሕፃን ወተት፥ ለጎረምሳ በሬ፥ ለሙሽራም ጥሎሽ የለውም።