የሆቴል ክፍል ዋጋ ከምን ይሠራል? የአገልግሎትና የአካባቢ ድርሻ

የሆቴል ክፍልን ከአብዛኞቹ ሸቀጦች የሚለየው ሳይያዝ ያደረ አልጋ በማግሥቱ ተመልሶ ሊሸጥ አለመቻሉና ሕንፃው አንዴ ከቆመ በኋላ ገዢውን ተከትሎ የማይሄድ መሆኑ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን የክፍልን ዋጋ ሲመረምሩ ክፍሉን የሚመለከቱት እንደ አንድ ዕቃ ሳይሆን እንደ ብዙ ባሕርያት ጥቅል ነው፤ የአልጋው ምቾት፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ቁርሱ፣ ጸጥታው፣ ጥበቃውና ሰፈሩ ለየብቻ ዋጋ ባይለጠፍባቸውም፣ እንግዳው በአንድ ሒሳብ የሚከፍለው ለሁሉም ነው። ኬልቪን ላንካስተር በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸማች የሚሻው ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ባሕርያት እንደሆነ ያስረዱ ሲሆን፣ ሸርዊን ሮዘን ደግሞ በ1974 የባሕርያቱ ስውር ዋጋ ከገበያ ዋጋ ተነጥሎ የሚሰላበትን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ሄዶኒክ የዋጋ ትንተና የሚባለው ይህ ዘዴ የብዙ ሆቴሎችን ዋጋና ባሕርያት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን አንድ ባሕርይ ብቻውን ዋጋውን በምን ያህል እንደሚለውጥ በስታቲስቲክስ ይገምታል።

ከአገልግሎት በኩል ብዙ ጥናት የተደረገበት መለኪያ ኮከብ ነው፤ ኮከብ እንግዳው አስቀድሞ ሊያየው የማይችለውን ጥራት በአንድ ምልክት ያሳውቀዋል። ይሁንና የኮከቦቹ እርከን በዋጋ ረገድ እኩል አይደለም። በስፔን የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሆቴሎች ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመ ጥናት፣ በአንድና በሁለት ኮከብ መካከል ይህ ነው የሚባል የዋጋ ልዩነት ሳያገኝ፣ ባለ አራት ኮከቦቹ ግን ከሌሎቹ በግልጽ ርቀው እንደሚገኙ አሳይቷል። በኢትዮጵያ በ2015 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ የሆቴሎችን ደረጃ ማውጣቱ፣ ባለቤቱ ስለ ሆቴሉ የሚናገረውን ሳይሆን ገለልተኛ መዛኝ ያረጋገጠውን የዋጋ መነሻ ለማድረግ በር ከፍቷል። በውጭ አገር ጥናቶች የመዋኛ ገንዳ፣ የመኪና ማቆሚያና የስብሰባ አዳራሽ ጎልተው ይታያሉ። መብራትና ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ጀነሬተርና የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ከገንዳው ይበልጥ እንግዳውን የሚያረኩ ባሕርያት ስለሆኑ፣ ከሌላ አገር እንዳለ የተቀዳ መለኪያ ይህን ሳያይ ማለፉ አይቀርም።

አገልግሎት በገንዘብ ሊሻሻል ይችላል፤ ቦታ ግን አይሻሻልም። ዊልያም አሎንሶ በ1964 ባሳተሙት የከተማ መሬት ንድፈ ሐሳብ፣ ወደ ከተማ እምብርት በቀረቡ መጠን የመሬት ኪራይ እንደሚንር ያስረዱ ሲሆን፣ ብዙ የሆቴል ጥናቶችም ይህን ተከትለው ከመሀል ከተማ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ይህ አለካክ ግን ሰፊ ጉድለት አለበት፤ እንግዳው ዋጋ የሚከፍለው ለከተማው እምብርት ሳይሆን ለመጣበት ጉዳይ ለመቅረብ ነው፣ ጉዳዩም በየዘመኑ ሰፈር ይለውጣል።

የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። በሀያኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል በፒያሳ መቆሙ በጊዜው ንግዱና ቤተ መንግሥቱ ከነበሩበት ጋር የሚጣጣም ነበር፤ ከ1917 ጀምሮ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የለገሀር አካባቢ ለመንገደኛ ማረፊያ ተፈላጊ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ከተቋቋመና የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ከተመረቀ በኋላ የዲፕሎማሲው እንግዳ ወደዚያ አቅጣጫ ተሳበ፤ በ1969 የተከፈተው ሒልተንና በ1998 የተከፈተው ሸራተን ከዚህ ብዙም አይርቁም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መተላለፊያ መንገደኛ በበረከተበት ዘመን ደግሞ ስካይላይት ሆቴል በ2019 በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ተከፍቶ፣ ከማስፋፊያው በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ ክፍሎች ይዟል። በሌሊት ደርሶ በማለዳ ለሚበር መንገደኛ ከፒያሳ መራቁ የሚያስቀንሰው ዋጋ የለም፤ እንዲያውም ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመንገድ መጨናነቅ ሰዓት ሲለካ፣ ለኤርፖርት መቅረብ ራሱ ተጨማሪ የሚከፈልበት ባሕርይ ነው። ስለዚህ አንዲት ከተማ አንድ ሳይሆን ብዙ እምብርት እንዳላት ተደርጋ ብትጠና ውጤቱ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ቤጂንግን ለመሰሉ ከተሞች የአንድ ባሕርይ ዋጋ ከሰፈር ሰፈር እንዲለያይ የሚፈቅድ ስሌት ሥራ ላይ የዋለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጎረቤት ሆቴል ተጽዕኖ ሁለት ፊት አለው። ተቀናቃኝ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ነገር ግን በ2001 በቴክሳስ ሆቴሎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ትናንሽና ነጻ ሆቴሎች በታዋቂ ስም በሚሠሩና በትልልቅ ሆቴሎች አጠገብ ሲሆኑ ተጠቃሚ እንደሚሆኑ አመልክቷል።

ባሕርያቱም ቦታውም ሳይለወጡ ዋጋ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በላሊበላ የገና፣ በጎንደር የጥምቀት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ በሚደረግበት በየካቲት፣ ያው ክፍል በሌላ ዋጋ ይሸጣል፤ አንድ ጥናት መረጃውን የሰበሰበው በእነዚህ ቀናት ከሆነ የሰፈርን ድርሻ ከሚገባው በላይ ያጋንናል።

ከዚህ የሚከብደው የመለኪያ ችግር ግን ቦታና ጥራት ተቆላልፈው መገኘታቸው ነው፤ ውድ መሬት የሚገዛው ባለሀብት ውድ ሕንፃ ስለሚሠራበት፣ ከዋጋው የትኛው ለመሬቱ፣ የትኛው ለእብነ በረዱ እንደተከፈለ መለየት ያስቸግራል። በተለጠፈውና በተከፈለው ዋጋ መካከልም ልዩነት አለ፦ ድርጅቶች በውል ቅናሽ ያገኛሉ፣ ብዙ ሆቴሎች ለውጭ አገር ሰው በዶላር፣ ለአገሬው በብር የተለያየ ተመን ያወጣሉ፣ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም አንዳንዴ ተደምሮ፣ አንዳንዴ ሳይደመር ይጻፋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከተወ ወዲህ የሁለቱ ተመኖች ርቀት ራሱ ተለዋዋጭ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባን የመኝታ ዋጋ የሚያጠና ሰው ከስሌቱ በፊት ዋጋው በየትኛው ገንዘብና ለየትኛው እንግዳ እንደተነገረ ለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል።